ናሙናው በሰኔ ይቀዳ

በጣና ተፋሰስ የውኃ ናሙና ከሚቀዱት አንዱ ነኝ። በስብሰባ ላይ የማይነሣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የውኃ ጥራት ሪፖርት ሲሰጧችሁ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ናሙናው በየትኛው ወር እንደተቀዳ ጠይቁ።

በጥር መገጭ ጭል ጭል የሚል፣ ጠርቶ ድንጋዩ የሚታይ ወንዝ ነው። ጉዱ የሚወጣው በክረምት መግቢያ፣ በመጀመሪያው ጎርፍ ነው። ቀሃና አንገረብ ጎንደርን ግራና ቀኝ ይዘው ወርደው ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይደርሳል። በጋውን ሙሉ በከተማው ቦይና በየማሳው የተጠራቀመው ሁሉ ያን ሰሞን ተጠራርጎ ይወርዳል። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ቀሃ፣ ወረድ ብሎ ፍሳሽና ፌስታል ተሸክሞ ሲሄድ ማየት ያንገበግባል። ታዲያ በመጀመሪያው ጎርፍ ሰዓት መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙም አስፈሪ ስለሆነ የሚቀዳ ሰው አይገኝም።

የሚወርደው ደግሞ አፈር ብቻ አይደለም። ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር በአብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። ሰኔ ላይ ገና የታረሰ ማሳ የሚሸፍነው ነገር ስለሌለው ከነማዳበሪያው ይታጠባል። ይህ ለእምቦጭ አረም ድግስ ነው። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ሲታይ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ መጀመሩ እኛን አልገረመንም። ደምቢያዎች ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት አይቻለሁ፤ ድካማቸው ያስለቅሳል። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከላይ የሚመግበው እስካልተቋረጠ ተመልሶ ይበቅላል።

በደለሉ የሚጎዳ ነጭ ዓሣም አለ። ክረምት ሲወጣ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይወጣል፤ የሚፈልገው ንጹሕ ጠጠር ነው። ጠጠሩን ደለል ካለበሰው፣ ወይም ለግንባታ ተዝቆ ከተወሰደ፣ እንቁላሉ ማረፊያ ያጣል።

የጎንደር ሰውም ይህ የሐይቁ ዳር ችግር ብቻ አይምሰለው። ለመጠጥ ውኃው የተሠራውን የአንገረብን ግድብ ያጣበበው ይኸው ደለል ነው። ውኃው በደፈረሰ ቁጥር ለማጣራት የሚገባው ኬሚካል ይጨምራል፤ ወጪውም እንዲሁ።

ስለዚህ በጀት ሲመደብ አስተያየት ከተጠየቃችሁ፣ መጀመሪያ ከአንገረብ በላይ ላለው ዳገት እርከን ጠይቁ። ቀጥሎ ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን ባሕር ሸሽ መሬት የሚያርሰው ገበሬ በውኃው ዳር ለሚበቅለው ደንገል ጥቂት ዳርቻ ቢተው ካሳ እንዲያገኝ ተሟገቱ። ለናሙና ቀጂውም ቦቲ ጫማና የክረምት ትራንስፖርት ይመደብለት፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ሳያመልጠው ይቅዳ።