ጭቃ የማይዛት መኪና

በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ዳገት አለ። በክረምት ከአስፋልቱ ወጣ ያለ መኪና ጎማው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ጂፕ ግን ትወጣለች። እንዴት?

የብዙ መኪና ሞተር የሚያዞረው ሁለት ጎማ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ዝም ብለው ይከተላሉ። ጂፕ ላይ ሾፌሩ አንድ ተጨማሪ ማርሽ ሲያስገባ የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ይደርሳል። ሁለቱን ቢያዳልጣቸው ሁለቱ መሬት ይቆነጥጣሉ።

የተሠራችው ለጦርነት ነው። በ1932 ዓ.ም. ክረምት የአሜሪካ ጦር ፋብሪካዎችን ጠርቶ፣ «ቀላልና ጠንካራ መኪና ሥሩልኝ፤ የመጀመሪያዋን በ49 ቀን አምጡ» አለ። በቀጠሮው ያደረሰው ባንታም የሚባል ትንሽ ፋብሪካ ብቻ ነው። ካርል ፕሮብስት የተባለ መሐንዲስ ንድፏን በጥቂት ቀን ጨረሰ። መኪናዋም መስከረም 13 ቀን 1933 ዓ.ም. ለጦሩ ደረሰች።

ታዲያ ባንታም ከበረ? የለም! ጦሩ ንድፉን ለዊሊስና ለፎርድ አሳየ። የዊሊስ ሞተር 60 የፈረስ ጉልበት ነበረውና በለጠ። ዊሊስና ፎርድ ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ ሠሩ። ባንታም 3 ሺህ እንኳ ሳይሞላለት ተጎታች ጋሪ ወደ መሥራት ዞረ። እኛስ ይህን ስናነብ አዘንን፤ አንዱ ዘራ፣ ሌላው አጨደ። ስሟ ከየት እንደመጣም ብዙ ይወራል፤ በዚያ ክርክር አንገባም።

ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ዘምቶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ ጂፕ እዚያም ነበረች።

ለገበሬ የምትሆነዋ ጂፕ የወጣችው በ1937 ዓ.ም. ነው። ማረሻ ትጎትታለች። ከሞተሯ ጋር ሲያያዝ መጋዝም ይዞራል። አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በእርሻው ላይ ጂፕ ሲነዳ ቆይቶ፣ «እኛስ ለምን አንሠራም?» ብሎ ተነሣ፤ ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. ወጣ። የጃፓኑ ላንድክሩዘርም መጀመሪያ ስሙ «ቶዮታ ጂፕ» ነበር። ዛሬ ክትባት ይዞ ገጠር የሚገባው፣ ምጥ የጠናባትን እናት ከቃሬዛ ተቀብሎ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መኪና የጂፕ ዘመድ ነው።

ይሁንና ወንዝ ሲሞላ ጂፕም ትቆማለች። ድልድይ በሌለበት ሾፌሩ ይወርድና ውሃውን በበትር ይለካል። ከጎማው ወገብ በላይ ከሆነ ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል።