ስለ ሞካ ወደብ ታሪክና ስለ ቡን ንግዷ

በቀይ ባሕር ምሥራቃዊ ዳር በየመን አገር፥ ከባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ሞካ የምትባል ታናሽ የወደብ ከተማ ትገኛለች። ዓረቦች አል ሙኻ ይሏታል። ቡን በሚጠጣበት አገር ሁሉ ስሟን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ከተማይቱን በዓይኑ ያየ ግን ከዚያም ይልቅ ያነሰ ነው። ስሟ በቡን የታወቀ ይሁን እንጂ በአጠገቧ የቡን ተክል ጸድቆ አያውቅም። ምድሯ አሸዋ፥ አየሯ እጅግ የሚያቃጥል፥ ዝናቧም እንደሌለ የሚቈጠር ነው። እንግዲህ ቡን ያላበቀለች ከተማ በቡን እንዴት እንደ ከበረች፥ ኋላም እንዴት እንደ ደኸየች መመርመር፥ ቡን የሚያፈራ አገር ለሚያስተዳድር ሹም ሁሉ ከጨዋታ የሚያልፍ ጥቅም አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የከተማይቱ ጥንታዊነት የቡንን ንግድ እጅግ ይቀድማል። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሒምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜ፥ የጦር አለቃው በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ጽሕፈት መኽዋን የምትባል ከተማ ሕዝቧ እንደ ተገደለና ቤተ ክርስቲያኗ እንደ ተቃጠለ ይናገራል። ሊቃውንትም ይህች መኽዋን የዛሬይቱ ሞካ ናት ይላሉ። ከዚህ በኋላ በ525 ገደማ ዐፄ ካሌብ ከአክሱም ተነሥተው ባሕር ተሻግረው ዙ ኑዋስን ድል እንዳደረጉት በአገራችን ታሪክ የታወቀ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሞካ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ስሟ ዳግመኛ የተነሣው ዓሊ ኢብን ዑመር አል ሻዚሊ በሚባል የእስላም መናኝ ምክንያት ነው። ይህ ሼኽ ለደቀ መዛሙርቱ፥ ሌሊቱን በጸሎት ሲተጉ እንቅልፍ እንዲርቅላቸው፥ ቡን አፍልቶ መጠጣትን አስተማራቸው ተብሎ ይተረካል። አስቀድሞም ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ በሳዕደዲን ግቢ ተቀምጦ ነበር የሚሉ አሉ። ይህ እውነት ቢሆን መጠጡን ከየት እንደ ለመደው ሩቅ ሄዶ መጠየቅ አያሻም፤ የዓረብ ቡን እየተባለ የሚጠራው ዛፍ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዱር የወጣ መሆኑን የዕፀዋት ሊቃውንት መስክረዋልና። በሼኹ ስም የተሠራው መስጊድ ዛሬም በሞካ ቆሞ ይታያል፤ ነጭ ሚናሬቱም ከባሕር ለሚመጣ መርከበኛ ከሩቅ ይታየዋል።

በ1538 የቱርክ መንግሥት በየመን ላይ እጁን ዘረጋ፤ ሞካም የቱርኮች ወደብ ሆነች። በ1610 ሰር ሄንሪ ሚድልተን የሚባል የእንግሊዝ መርከቦች አለቃ ለንግድ በመጣ ጊዜ፥ የከተማይቱ ገዥ በክብር ተቀብሎ ወደ ምድር ካወረደው በኋላ በድንገት አስያዘውና በሰንሰለት አሰረው፤ ከሰዎቹም የተገደሉ አሉ፤ የቀሩትም ከእርሱ ጋራ ወደ ሰንዓ ተወሰዱ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ሞካ በተመለሰ ጊዜ ሚድልተን በባዶ በርሜል ውስጥ ተሸሽጎ ወደ መርከቡ አመለጠ። ከዚያም መርከቦቹን በወደቡ ፊት አቁሞ ካሣ እስኪከፈለው ድረስ ከተማይቱን አስጨነቃት። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ነጋዴ ትርፍ ካለበት አይቀርምና፥ በ1618 እንግሊዞች በዚያው በሞካ የንግድ ቤት አቆሙ፤ ሆላንዶችም በዚያው ዘመን ገቡ። በ1630ዎቹ ዓመቶች ቱርኮች ለቀው ወጥተው አገሩ በየመን ኢማሞች እጅ ሆነ። በ1648 ኢማሙ ወደ ዐፄ ፋሲል የላከው መልእክተኛ አል ሐይሚም ከሞካ በመርከብ ተነሥቶ፥ በቤይሉል ወርዶ፥ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ጎንደር ገባ።

የሞካ የክብር ዘመን ከዚህ በኋላ ያለው አንድ መቶ ዓመት ያህል ነው። ቡኑ የሚበቅለው በተራራው አገር ነበር። የየመን ገበሬ ገደሉን በድንጋይ እየካበ፥ እርከን በእርከን ላይ እየሠራ፥ ከምንጭ የሚወርደውን ውሃ በቦይ እየመራ ቡኑን ይተክል ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ያደርጋል። ፍሬውን በቤቱ ጣራ ላይ አስጥቶ ያደርቃል፤ ፈልፍሎም ፍሬውን ለገበያ ሲያወጣ ገለባውን ለራሱ አስቀርቶ ከዝንጅብል ጋራ አፍልቶ ይጠጣል። የቡን ገለባ አፍልቶ መጠጣት በሐረር ሰዎች ዘንድም የታወቀ ልማድ ነው።

ከተራራው የወረደው ቡን በመጀመሪያ የሚሰበሰበው ቤይት አል ፋቂህ በምትባል የቆላ ከተማ ገበያ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ስፍራው የመጡ ፈረንሳዮች እንደ ተረኩት፥ ገበያው ከዓርብ በቀር በየቀኑ ይቆማል፤ የመንግሥት ሹማምንትም በገበያው ተቀምጠው የሚመዘነውን ልክና የተሸጠበትን ዋጋ ይቈጣጠሩ ነበር። ገዥና ሻጭ ሁለቱም ሚዛኑን በሹሙ ፊት ያዩታል። ከዚያ በግመል ተጭኖ ቀናት ተጕዞ ሞካ ይደርሳል። በሞካም ቡን የሚመዘነው በባሃር ሲሆን 1 ባሃር 15 ፈረሱላ ነው። ይህ ፈረሱላ ስሙ ከአገራችን ፈረሱላ ጋራ አንድ ነው፤ ልኩ ግን ይለያል፤ የሞካው 13 ኪሎ ተኩል ያህል ሲሆን የእኛ የቡን ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አውሮፓውያን የሚያመጡት ዕቃ በዚያ አገር ብዙ ፈላጊ ስላልነበረው የቡኑን ዋጋ አብዛኛውን የሚከፍሉት በጥሬ ብር ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ብርም ኋላ በቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች አንድ ሆኖ ሲዘዋወር የኖረው በዚሁ መንገድ ነው።

ከተማይቱ በዚያ ዘመን ለዓይን የምታምር ነበረች። የባሕሩ ወሽመጥ እንደ ጨረቃ የጐበጠ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ላይ ሁለት ምሽጎች ቆመው ይጠብቁታል። በመካከሉ በግንብ የታጠረው ከተማ አለ። የነጋድያኑ ቤቶች በጡብ የተሠሩ፥ በኖራ የተለሰኑ፥ ከፍ ያሉ ናቸው፤ በመስኮቶቻቸውም ነፋስ የሚያስገባ ፀሐይ የሚከለክል የተቀረጸ እንጨት ነበረባቸው። ታላላቅ መርከቦች ወደ ዳር ስለማይጠጉ ሸክሙን ታናናሽ ጀልባዎች ያመላልሱታል። በበጋ ወራት ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ የሕንድን መርከቦች በባብ ኤል መንደብ በኩል ያስገባል፤ በክረምት ደግሞ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ መልሶ ያወጣቸዋል፤ ስለዚህ የከተማይቱ ኑሮ ሁሉ በነፋስ ይቈጠር ነበር። ከሕንድ አገር ከጉጃራት የመጡ ባንያን የሚባሉ ነጋድያን ደላላና ገንዘብ መንዛሪ ሆነው በብዛት ይኖሩባታል። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ የአይሁድና የሶማሌ ሰፈር ነበረ። ከበርበራና ከዘይላ ዕጣን፥ ሙጫ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ቅቤና በግ ይመጣ ነበር። ከዚህም ጋራ ከአገራችንና ከጎረቤት ምድር የተጋዘ ሰው በዚያ ይሸጥ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም፤ የሞካ ብልጽግና ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ አልነበረም።

ሁሉ ሲኖራት የጐደላት ጣፋጭ ውሃ ነበር። የጕድጓዶቿ ውሃ ጨዋማ በመሆኑ ባለጠጎቹ የሚጠጡትን ከውስጥ አገር ያስመጡ ነበር። የሙቀቱም ክፋት ለእንግዳ አይመችም፤ በ1763 የዴንማርክ ንጉሥ ዓረብን እንዲመረምሩ ከላካቸው ሊቃውንት አንዱ ፎን ሃቨን በዚያው ታሞ ሞተ፤ ከጓዶቹ ሁሉ በሕይወት ተርፎ ወደ አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውድቀቷ እንምጣ። ብዙ ሰው የሞካ ውድቀት የቡን ዘር ከዓረብ በመውጣቱ ነው ይላል። በእርግጥም ወጥቷል። ባባ ቡዳን የሚባል የሕንድ ሐጅ 7 ፍሬ ቡን ሸሽጎ ወደ አገሩ እንደ ወሰደ ይተረካል። በ1696 ሆላንዶች ከሕንድ ማላባር ዳርቻ ወደ ጃቫ ደሴት ችግኝ ወሰዱ፤ ይህ በጎርፍ ቢጠፋ በ1699 ሌላ ወስደው ጸደቀላቸው። በ1706 አንድ ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፀዋት ገነት መጣ፤ ከዚያ የወጣ ተክልም በ1714 ለፈረንሳይ ንጉሥ ለ14ኛው ሉዊ በስጦታ ተሰጠ። ፈረንሳዮች በበኩላቸው በ1715 ከየመን ወደ ቡርቦን ደሴት ወስደው ተከሉ። ደ ክሊዩ የሚባል መኰንን ደግሞ በ1720ዎቹ መጀመሪያ አንድ ችግኝ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሲያሻግር፥ ራሱ እንደ ጻፈው፥ በመርከቡ ላይ ውሃ ባነሰ ጊዜ የራሱን ድርሻ ለችግኙ እያካፈለ አደረሰው። ፍሬውም ፈጥኖ ታየ፤ በ1721 ወደ አምስተርዳም ከገባው ቡን ከ10 እጅ 9 እጁ የሞካ ሲሆን፥ በ1726 ከ10 እጅ 9 እጁ የጃቫ ሆነ። ይህ የሆነው በ5 ዓመት ውስጥ ነው።

ነገር ግን በኪስ የሚያዝ ዘርን ለዘለዓለም መጠበቅ የሚችል በረኛ የለም። ለሞካ ሊቀርላት ይችል የነበረው የቡኑ ጥራትና የነጋዴው እምነት ነበር፤ ይህን ግን ገዥዎቿ ራሳቸው አጐደሉት። በ1737 የከተማይቱ ገዥ ከፈረንሳይ ነጋድያን የተበደረውን ዕዳ አልከፍልም ብሎ ቢያጓትት የፈረንሳይ መርከቦች መጥተው ከተማይቱን በመድፍ ደበደቡ፤ ዕዳውም በግድ ተከፈለ። ሹም በሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ሲጠብቅ የነበረውን ንግድ፥ ሹም ራሱ ባለዕዳ ሆኖ አፈረሰው። የየመን እርከን ጠባብ፥ ውሃውም ጥቂት በመሆኑ በብዛት ከጃቫና ከካሪብ ደሴቶች ጋራ መወዳደር አይቻለውም ነበር፤ በታማኝነት ግን ይቻለው ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ በድካሟ ላይ የተጨመረ ነው። በ1820 እንግሊዞች በመድፍ መቷት፤ በ1830ዎቹም የግብጽ ጦር ያዛት። በ1839 እንግሊዞች ዓደንን ወሰዱ፤ በ1850 ቀረጥ የማይከፈልባት ወደብ ባደረጓት ጊዜ የሞካ ነጋድያን ወደዚያ ፈለሱ። ቱርኮችም በ1849 ተመልሰው ሲመጡ ሁዴይዳን መረጡ። በ1911 ኢጣልያ ከቱርክ ጋራ ስትዋጋ መርከቦቿ የቀረውን ደበደቡ። የነጋድያኑ ቤቶች ፈራርሰው ጡባቸው በአሸዋ ተቀበረ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ በየመን ጦርነት ብርቱ ውጊያ ተደረገባት። ዛሬ ነዋሪዎቿ አብዛኛውን ኑሯቸውን ከዓሣና ከታናናሽ ጀልባዎች ንግድ ያገኛሉ፤ ማለዳ ወሽመጡ ጸጥ ሲል የሻዚሊ ሚናሬት ጥላ በውሃው ላይ ያርፋል ቢባል እንኳ፥ ያን የሚያይ መንገደኛ ጥቂት ነው።

ስሟ ግን ከእርሷ ተለይቶ ሄደ። የሞካና የጃቫ ቡን ተቀላቅሎ በአንድ ስም ተሸጠ፤ ቸኮላታ የተጨመረበትም መጠጥ ሞካ ተባለ። እኛንም የሚነካው ይህ ነው፤ በሐረርጌ ደጋ የተለቀመው ረጅም ፍሬ ቡን በዓለም ገበያ ለብዙ ዘመን የሚጠራው ሞካ ሐረር እየተባለ ነበር። ገበሬው የለፋበት፥ ግመልና ኋላም ባቡር ወደ ባሕር ያወረደው ቡን፥ አንድ ፍሬ ባላበቀለች ከተማ ስም ይሸጥ ነበር። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ2007 ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ የቡን ኩባንያ ጋራ በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈረመ። እነዚህ ስሞች በከረጢቱ ላይ ከተጻፉ ወዲህ፥ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቡን ከዚያው አገር የተለቀመ፥ ያልተደባለቀና በትክክል የተመዘነ መሆኑን የሚያረጋግጠው በየወረዳው ገበያ በሚዛኑ አጠገብ የሚቆመው ሹም ነው።