ጥያቄው ለአሰልጣኙ፣ መልሱ ከማን?

እሁድ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2022 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲና ኒውካስል ያለ ግብ ሊለያዩ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ካይ ሀቨርትዝ በ89ኛው ደቂቃ ያስቆጠራት ግብ ለሰማያዊዎቹ 3 ነጥብ አስገኘች። ጨዋታውን ያየ ያስታውሳል። የኒውካስሉ ጃኮብ መርፊ በፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ማልያው ሲጎተት ዳኛው ዝም ብለው አልፈዋል። ያው ሀቨርትዝ ቀደም ብሎ ዳን በርንን በክርኑ መትቶ በቢጫ ካርድ ተርፏል። ግቧን ያገባው በቀይ መውጣት የነበረበት ሰው ነው ብሎ የሚከራከር ደጋፊ ዛሬም አይጠፋም።

ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ፊት የቀረበው የኒውካስሉ አሰልጣኝ ኤዲ ሀው ግን የተጠየቀው ስለ ክርን ብቻ አልነበረም። ከአንድ ቀን በፊት ሳዑዲ አረቢያ በአንድ ቀን 81 ሰዎችን በሞት መቅጣቷን አስታውቃ ነበር። በወቅቱ የክለቡን 80 በመቶ ድርሻ ይዞ የነበረው ደግሞ የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። ታዲያ አሰልጣኙ ምን ይላል? ሀው ስለ ጨዋታውና ስለ እግር ኳስ ብቻ እንደሚመልስ ተናገረ። ጥያቄው ተደገመ፤ መልሱም ተደገመ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰውየው ምን ይበል? አብዛኛውን የአሰልጣኝነት ዘመኑን ቦርንማውዝ ያሳለፈ ሰው ነው። በሪያድ ማን ለምን እንደሚፈረድበት እሱን መጠየቅ የሻይ ቤት አስተናጋጁን ስለ ስኳር ዋጋ እንደ መውቀስ ነው። በዚያ ሳምንት በተቃራኒው ወንበር ላይ የነበረው ቶማስ ቱሄልም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። የክለቡ ባለቤት ሮማን አብራሞቪች ከሦስት ቀን በፊት በእንግሊዝ መንግሥት ማዕቀብ ተጥሎበታል። ስለ ዩክሬን ጦርነት ደጋግመው የጠየቁትን ጋዜጠኞች ቱሄል እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም፣ በቃ ተዉኝ ያላቸው በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ነው።

ጋዜጠኞቹስ ለምን አሰልጣኝ ላይ ይወርዳሉ? ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሌላ የሚያገኙት ሰው የለም። የፕሪሚየር ሊግ አሰልጣኝ ከጨዋታ በፊትም በኋላም ካሜራ ፊት መቅረብ የሥራው ግዴታ ነው። የፈንዱ ሊቀመንበር የሆኑት አልጋ ወራሽ መሐመድ ቢን ሰልማን ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ መንግሥታት ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ተንከባሎ ተንከባሎ፣ አጥቂና ተከላካይ ማሰለፍ ሥራው የሆነ ሰው እግር ሥር ያርፋል። እሱ አልመልስም ሲል ደግሞ በማግስቱ ርዕስ የሚሆነው የእሱ ዝምታ እንጂ የመንግሥቱ ሥራ አይደለም። ለመንግሥት ከዚህ የተመቸ ተከላካይ ከየት ይገኛል?

ለንደንም ብትሆን ከዚህ የራቀች አይደለችም። የኒውካስል ግዥ ተንጠልጥሎ በነበረበት በ2020 ክረምት አልጋ ወራሹ ለጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን መልዕክት ልከው፣ ፕሪሚየር ሊጉ የያዘው አቋም ስህተት ነውና ይታረም ማለታቸው በዓመቱ በጋዜጣ ወጣ። መንግሥት ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ጉዳዩ የፕሪሚየር ሊጉ ነው የሚል ነበር። ፕሪሚየር ሊጉስ? ክለቡ ኦክቶበር 7 ቀን 2021 በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ፣ የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የሚያስገድድ ማረጋገጫ አግኝቻለሁ አለ። በሌላ አነጋገር ፈንዱ ሌላ፣ መንግሥቱ ሌላ። የፈንዱ ሊቀመንበር አልጋ ወራሹ መሆናቸውን ማንም እያወቀ ማለት ነው።

ቀልዱ የመጣው በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 በጎልፍ ውድድር የተነሳ አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ ክርክር ማስረጃ አቅርቡ ሲባሉ፣ የፈንዱ ጠበቆች የመንግሥት ያለመከሰስ መብት አለን ብለው ተከራከሩ። የፈንዱ ገዥና የኒውካስል ሊቀመንበር ያሲር አል ሩማያንንም በሥራ ላይ ያሉ የሳዑዲ መንግሥት ሚኒስትር ሲሉ ገለጿቸው። እንግሊዝ ውስጥ ነጋዴ፣ አሜሪካ ፍርድ ቤት ውስጥ ሚኒስትር! በቀጣዩ ወር የፕሪሚየር ሊጉ ሥራ አስፈጻሚ ሪቻርድ ማስተርስ የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ነገሩ እየተመረመረ እንደሆነ ሲጠየቁ አስተያየት መስጠት እንደማይችሉ ተናገሩ። ኳሷ ከመሐል ሜዳ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ግብ ጠባቂ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጎን።

ሀው ከተጠየቀ ከሦስት ቀን በኋላ ጆንሰን ራሳቸው ሪያድ ነበሩ። በዩክሬን ጦርነት የተነሳ ነዳጅ ተወዷል፤ የጉዟቸው ዋና ጉዳይም እሱ ነው። ስለ 81ዱ ሲጠየቁ የሰብዓዊ መብት ጉዳይን ሁልጊዜም እንደሚያነሱ ተናገሩ። በዚያው ዕለት ተጨማሪ 3 ሰዎች በሞት ተቀጡ። «አንስቼዋለሁ» የሚለው መልስ ለጠያቂ አይመችም። የት፣ ለማን፣ ምን ተብሎ ተነሳ ቢባል በሩ ዝግ ነው።

የ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጨዋታ አሳየን፤ የቁጥር ጨዋታ። ጋርዲያን ጋዜጣ በፌብሩዋሪ 2021 ኳታር አዘጋጅነቱን ካገኘች ወዲህ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከኔፓል፣ ከባንግላዴሽና ከስሪላንካ የሄዱ ከ6,500 በላይ ስደተኛ ሠራተኞች መሞታቸውን ጻፈ። የኳታር መንግሥት አሃዙ ከሠራተኛው ብዛት አንጻር የሚጠበቅ ነው ሲል መለሰ። አዘጋጅ ኮሚቴው በበኩሉ በስታዲየም ግንባታ ላይ በሥራ ምክንያት የሞቱት 3 ብቻ፣ ከሥራ ውጪ በሆነ ምክንያት የሞቱት ደግሞ 37 ናቸው አለ። ውድድሩ ተጀምሮ በኖቬምበር መጨረሻ ላይ ግን የኮሚቴው ዋና ጸሐፊ ሀሰን አል ታዋዲ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሲያፋጥጧቸው ከ400 እስከ 500 የሚሆን ቁጥር ጠሩ። ወዲያው ኮሚቴው ወጥቶ፣ ይሄ እኮ ከ2014 እስከ 2020 በመላ አገሪቱ በሁሉም ዘርፍ በሥራ ላይ የሞቱት 414 ሰዎች ናቸው ብሎ አስተካከለ። 3፣ 37፣ 414፣ 6,500። ሁሉም የየራሱን ነገር ይቆጥራል። ሙቀት የገደለው ወጣት «የልብ ድካም» ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ በሥራ ምክንያት ከሞቱት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

በዚያው ውድድር መሐል አንድ የፊሊፒንስ ዜጋ የሳዑዲ ብሔራዊ ቡድን በተጠቀመበት የልምምድ ማዕከል ሥራ ላይ እያለ ሞተ። የአዘጋጁ ሥራ አስፈጻሚ ናስር አል ካተር ሲጠየቁ ሞት የሕይወት አንድ አካል መሆኑን፣ በሥራም በእንቅልፍም ላይ የሚመጣ መሆኑን ተናገሩ። የዓለም ዋንጫ እያየን ይሄን ትጠይቁናላችሁ ብለውም ጋዜጠኛው ላይ ተገረሙ። ለቤተሰቡ ሐዘናቸውን ገልጸዋል፤ ግን ሰው ልብ ውስጥ የቀረው የፊተኛው ነው።

የአውሮፓ መንግሥታትም ፈተናውን በጥሩ ውጤት አላለፉም። የፈረንሳዩ ማክሮን ስፖርት የፖለቲካ መሣሪያ መሆን የለበትም አሉ። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጀምስ ክሌቨርሊ ግብረ ሰዶማዊ ደጋፊዎች ኳታር ሲሄዱ የአገሬውን ባህል አክብረው ትንሽ ለዘብ ይበሉ ብለው፣ የገዛ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ጽሕፈት ቤት እንኳ አልተቀበላቸውም። የፊፋው ኢንፋንቲኖ ደግሞ በመክፈቻው ዋዜማ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተናግረው፣ ዛሬ ኳታራዊ ነኝ፣ ስደተኛ ሠራተኛም ነኝ የሚል ስሜት እንዳላቸው ገለጹ። አውሮፓ ሌላውን ከመምከሯ በፊት ለ3,000 ዓመት ሥራዋ ይቅርታ ትጠይቅም አሉ። እዚህ ላይ ከአፍሪካ ሆኖ የሚሰማ ሰው ራሱን ቢነቀንቅ አይፈረድበትም፤ ግማሹ እውነት ነውና። ግን ጥያቄው ስለ ኔፓላዊው ሠራተኛ ነበር። መልሱ ስለ አውሮፓ ሆነ።

ከሁሉም ግልጽ የሆኑት፣ ከተባለ፣ ራሳቸው አልጋ ወራሹ ናቸው። በሴፕቴምበር 2023 ለፎክስ ኒውስ በሰጡት ቃለ መጠይቅ ገጽታችሁን በስፖርት ታጥባላችሁ ስለሚለው ክስ ተጠይቀው፣ ማጠቡ የአገሬን ኢኮኖሚ 1 በመቶ የሚያሳድገው ከሆነ እቀጥልበታለሁ፤ ቃሉም ግድ አይሰጠኝም አሉ። ዓመታት ሙሉ አሰልጣኙ ሲሸሸው የነበረው ጥያቄ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተዘጋ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ከዚያ ቃለ መጠይቅ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 19 ቀን 2023፣ አል ሂላል ኔይማርን በሪያድ ስታዲየም በርችትና በመብራት ለደጋፊው አስተዋወቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት አወጣ። ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ በየመን በኩል ለመግባት የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በሞርታርና በጥይት ገድለዋል ይላል። ከሞቱት ውስጥ ሴቶችና ሕፃናትም አሉ። የሳዑዲ መንግሥት ምንጭ ክሱ መሠረት የለሽ ነው፣ ከታመነ ምንጭም የመጣ አይደለም ሲል መለሰ። የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በማግስቱ ባወጣው መግለጫ ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ እንደሚመረምር ገልጾ፣ ምርመራው እስኪጠናቀቅ አላስፈላጊ ግምት ከመስጠት እንድንቆጠብ አሳሰበ። በዚያ ሰሞን በየካፌው የነበረው ክርክር ኔይማር ለገንዘብ ሄደ ወይስ አልሄደም የሚል ነበር። ስለ ድንበሩ የሚያወራውም ያው ሰው ነው፤ ወንድሙ ወይ የጎረቤቱ ልጅ በዚያ መንገድ የሄደ አይጠፋም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነሳ ግን አልነበረም።

በኦክቶበር 2023 ፊፋ ለ2034 ዓለም ዋንጫ አመልክቱ ሲል የእስያና የኦሺንያ አገሮች አንድ ወር እንኳ ያልሞላ ጊዜ ነበራቸው። አውስትራሊያ በመጨረሻው ቀን ወጣች፤ ሳዑዲ ብቻዋን ቀረች። የሰብዓዊ መብት ግምገማውን የጻፈው የሕግ ድርጅት ሪያድ የሚገኝ ሲሆን፣ የትኞቹ መብቶች እንደሚገመገሙ አስቀድሞ ከፊፋና ከሳዑዲ ፌዴሬሽን ጋር ተስማምቶ ነበር። የፊፋ ሪፖርት አደጋውን «መካከለኛ» ብሎ፣ ለዕጩዋ ከ500 ነጥብ 419.8 ሰጠ። ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ኢንፋንቲኖ በቪዲዮ በተደረገ ጉባኤ የ211 ፌዴሬሽኖችን ተወካዮች ካሜራ ፊት እንዲያጨበጭቡ ጠየቁ። የድምፅ ቆጠራ አልነበረም። የኖርዌይ ፌዴሬሽን አካሄዱን ተቃውሞ አስቀድሞ በደብዳቤ አስመዘገበ። ሌሎቹ አጨበጨቡ፤ በጭብጨባ ወቅት ደግሞ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም።