መርካቶ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

መርካቶ በአዲስ አበባ ከተማ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የኢትዮጵያ ትልቁ የገበያ ሰፈር ነው። ይህ ጽሑፍ የደርግ መንግሥት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ሶሻሊዝም የተወው የንብረት፣ የንግድና የዋጋ ሥርዓት በመርካቶ እንዴት እንደተለወጠና ምን ሳይለወጥ እንደቀረ ይገልጻል። በዚያው ዘመን ሶቪየት ኅብረትም ፈርሳ ሩሲያ ተመሳሳይ ሽግግር ውስጥ ስለገባች፣ ሁለቱ አገሮች የመረጡትን መንገድ ማነጻጸር ለጉዳዩ ግንዛቤ ይረዳል።

የገበያው አመሠራረት

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወራሪው አስተዳደር የአገሬውን ሰው ገበያ ከአውሮፓውያን ሰፈር ለመለየት ሲል ወደ ምዕራብ አዛወረው። «መርካቶ» የሚለው ስም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ገበያው በሸቀጥ ዓይነት ተከፋፍሎ ያደገ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል «ተራ» ይባላል። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ዱባይ ተራና አሮጌ ዕቃ ተጠግኖ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ከታወቁት ውስጥ ናቸው።

መርካቶ በደርግ ዘመን

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ባወጣቸው ሁለት አዋጆች የመርካቶ ሕይወት ተለውጧል። የመጀመሪያው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በዚህ አዋጅ የከተማ ቦታ ሁሉ ያለ ካሣ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ቤት አከራይቶ መኖርም ተከለከለ። ወርሐዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። በመርካቶ ያሉ ብዙ ሱቆች፣ መጋዘኖችና ከሱቅ ጀርባ ያሉ መኖሪያዎች በዚህ መንገድ ወደ መንግሥት ዞሩ። ቀድሞ የግለሰብ ተከራይ የነበረው ነጋዴ የመንግሥት ተከራይ ሆነ።

ሁለተኛው በ1968 ዓ.ም. የወጣው የግል ንግድን የሚወስነው አዋጅ ነው። ለጅምላ ንግድ 300,000 ብር፣ ለችርቻሮ 200,000 ብር የካፒታል ጣሪያ ተቀመጠ፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ እንዳይዝም ተከለከለ። እህል በአብዛኛው በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኩል በመንግሥት ዋጋ ይገዛ ነበር፤ በየመንገዱ የቆሙ ኬላዎችም እህል በነጻ እንዳይዘዋወር ያግዱ ነበር። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና የመሳሰለው ሸቀጥ በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በራሽን ይታደል ነበር።

የግል ንግድ ግን አልጠፋም። የሸቀጥ እጥረት ባለበት ሁሉ በድብቅ የሚሸጥ ዕቃ ይኖራል፤ በመርካቶም በመንግሥት ዋጋና በገበያ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የብዙዎች መተዳደሪያ ሆነ። ነጋዴው ትርፉን በባንክ ከማስቀመጥ ይልቅ በዕቁብ ማዘዋወርን፣ ሀብቱን ከማሳየት ይልቅ መደበቅን ለመደ። ይህ ልማድ ከሥርዓቱ በኋላም ቆይቷል።

የንግድ ነጻነት መመለስ

ለውጡ የጀመረው ደርግ ከመውደቁ በፊት ነው። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1982 ዓ.ም. «ቅይጥ ኢኮኖሚ» የተባለውን ፖሊሲ አወጁ። የካፒታል ጣሪያው ተነሣ፣ የእህል ኬላዎችም ቀሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ መንግሥቱ አገር ጥለው ሲሄዱ በአዲስ አበባ የቆመው የሌኒን ሐውልት ፈረሰ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ጦር ከተማዋን ያዘ።

የሽግግሩ መንግሥት በኅዳር 1984 ዓ.ም. ባወጣው የኢኮኖሚ ፖሊሲ የግል ንግድን የኢኮኖሚው አካል አድርጎ ተቀበለ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር በዶላር ተለወጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ የግል ባንክ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ አዋሽ ባንክም በ1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከባንኮቹ ብዙዎቹ በመርካቶ ቅርንጫፍ ለመክፈት ተሽቀዳድመዋል፤ ምክንያቱም የጥሬ ገንዘብ ዝውውሩ እዚያ ነበርና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት እንዳለው ደነገገ።

ያልተመለሰው ንብረት

ንግዱ ነጻ ቢወጣም ቦታው አልወጣም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ይገልጻል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወሰዳቸው ቤቶችም ለቀድሞ ባለቤቶች አልተመለሱም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110/1987 አንድ ጠባብ በር ብቻ ከፈተ፦ ንብረቱ የተወሰደው በወቅቱ የነበሩትን አዋጆች በመጣስ ከሆነ ባለቤቱ አቤት ማለት ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ «መውረሱ ትክክል ነበር ወይ?» ሳይሆን «በአዋጁ መሠረት ተወርሷል ወይስ ያለ አዋጅ?» የሚል ሆነ። አከራይቶት የነበረው ሱቅ በሕጉ መሠረት የተወሰደበት ሰው መመለስ አልቻለም፤ በአንድ ባለሥልጣን ትእዛዝ ብቻ የተወሰደበት ግን የመጠየቅ ዕድል አገኘ።

ከዚህ የተነሣ በመርካቶ አንድ ያልተለመደ ግንኙነት ተፈጠረ። በአንድ ሱቅ ላይ ሦስት ወገኖች ሊኖሩ ይችላሉ፦ ቀድሞ የገነባው ቤተሰብ፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል፣ ለዐሥርት ዓመታት በአነስተኛ ኪራይ የሚሠራበት ነጋዴ። ተከራዩ ባለቤት አይደለም፤ ነገር ግን የሱቁ ቦታ ያለው የገበያ ዋጋ ከሚከፍለው ኪራይ እጅግ ስለሚበልጥ የኪራይ መብቱ ራሱ ሀብት ሆነ። ያንን መብት በገንዘብ ለሌላ ማስተላለፍ ወይም ሱቁን በውስጥ ለሌላ ማከራየት የሚታወቅ ሆኖም ሕግ የማይቀበለው አሠራር ነው።

ከሩሲያ ጋር ያለው ልዩነት

በሩሲያ ሽግግሩ ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1991 የወጣው ሕግ በመንግሥት ቤት የሚኖሩ ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት በነጻ በስማቸው እንዲያዞሩ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 አብዛኛው የዋጋ ቁጥጥር በአንድ ጊዜ ተነሣ። በዚያው ዓመት ለዜጎች የ10,000 ሩብል የፕራይቬታይዜሽን ቫውቸር ታደለ፤ ብዙ ቫውቸሮች ግን በርካሽ ተሸጠው በጥቂቶች እጅ ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. የ1993 የሩሲያ ሕገ መንግሥት የግል የመሬት ባለቤትነትን አወቀ።

በአጭሩ የሩሲያ ነዋሪ የሚኖርበትን ቤት ባለቤትነት አገኘ፤ የመርካቶ ተከራይ ግን ተከራይ እንደሆነ ቀረ። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ የሩሲያን ዓይነት ፈጣን ሽያጭ ስላላካሄደች የከተማ መሬት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግል ባለሀብቶች እጅ አልገባም። የዚህ ዋጋ ግን የመንግሥት ውሳኔ በየጊዜው የነጋዴውን ዕጣ የሚወስን መሆኑ ነው። በሩሲያም ቢሆን ንብረት ማግኘት ዋስትና ማግኘት ማለት አልሆነም፤ በሞስኮ ትልቁ የነበረው የቸርኪዞቭስኪ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2009 በባለሥልጣናት ትእዛዝ ሲዘጋ በሺህ የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ቦታቸውን አጥተዋል።

ሊዝና የፎቅ ግንባታ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1986 የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አደረገ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆችም ተተክቷል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ቦታውን በሊዝ ይይዛል።

ቦታው ለልማት ሲፈለግ ነባሩ ነጋዴ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፦ መነሣት ወይም ራሱ አልሚ መሆን። አንድ ነጋዴ ብቻውን ፎቅ መሥራት ስለማይችል ብዙዎች ተሰባስበው አክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። በቆርቆሮ ሱቆች ቦታ የተሠሩ በርካታ የገበያ ሕንጻዎች የዚህ ውጤት ናቸው። ለአባላቱ ይህ የባለቤትነት መንገድ ሆኗል፤ መዋጮውን መክፈል ላልቻለው፣ በሱቁ ፊት ለሚቸረችረውና ለወዛደሩ ግን በአዲሱ ሕንጻ ውስጥ ቦታ አልተገኘም።

ግብር፣ ደረሰኝና ዋጋ

በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ቀጥሎም የመጣው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመርካቶን አሠራር በቀጥታ ነካው። ታክሱ የሚሠራው እያንዳንዱ ሻጭ ለቀጣዩ ደረሰኝ ሲሰጥ ነው። አስመጪው ወይም ጅምላ ሻጩ ያለ ደረሰኝ ከሸጠ ቸርቻሪው የገዛበትን ማስረዳት አይችልም፤ ስለዚህ እሱም ያለ ደረሰኝ ለመሸጥ ይገደዳል። ሰንሰለቱ አንዴ ከላይ ከተበጠሰ ቅጣቱ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ከታች ባለው ላይ ነው።

የዋጋ ቁጥጥርም ጨርሶ አልቀረም። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መንግሥት በበርካታ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አስቀመጠ። ዕቃዎቹ ከመደርደሪያ እየጠፉ ስለሄዱ ከጥቂት ወራት በኋላ በአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ስኳርና የምግብ ዘይት ግን በሸማቾች ማኅበራት መከፋፈላቸው ቀጠለ፤ ይህም የቀበሌውን የኅብረት ሱቅ ያስታውሳል።

የቅርብ ጊዜ ሁኔታ

በ2016 ዓ.ም. ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ብቻ ተከልሎ የነበረው የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፈተ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው የእሳት ቃጠሎ ብዙ ሱቆችን አወደመ፤ ተጠጋግተው የተሠሩ አሮጌ ቤቶችና ጠባብ መንገዶች ለእሳት አደጋ ያላቸውን ተጋላጭነትም አሳየ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅና ያለ ደረሰኝ የተገኘ ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ሲናፈስ በርካታ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። የከተማው አስተዳደር ወሬው ሐሰት መሆኑን፣ ዓላማው ሕጋዊ ግብይትን ማስፈን መሆኑን ገልጿል።

«መውረስ» የሚለው ቃል ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከአርባ ዓመታት በላይ በኋላ እንኳ ሱቅ የሚያዘጋ መሆኑ በገበያውና በመንግሥት መካከል ያለው መተማመን ገና ሙሉ እንዳልሆነ ያመለክታል።