የአሜሪካ መጤ ተምችን ከሚመስሉት የእሳት እራቶች ስለ መለየት



በዚህ ጠረጴዛ ላይ በመርፌ ተሰክተው የምታዩአቸው አራት የእሳት እራቶች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም አቧራ የለበሱ ናቸው። ቀረብ ብሎ ለመረመራቸው ግን አራት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። የዛሬው ገለጻዬ ዓላማ ከእነዚህ መካከል የአሜሪካ መጤ ተምች የምንለውን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳን፣ ከሚመስሉት እንዴት እንደምንለይ ማስረዳት ነው።

የዝርያው መነሻ የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ አካባቢዎች ናቸው። በአፍሪካ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ በ2017 ወደ ኢትዮጵያ ዘልቋል። እኛ ግን ከዚያ አስቀድሞ ነባር ተምች ነበረን፤ እርሱም ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ ነው። ሁለቱም በቆሎ ማሳ ላይ ስለሚገኙ አንዱን በሌላው መሳሳት ቀላል ነው።

ከፊት ክንፍ እንጀምር። የመጤው ተምች ክንፎች ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። የወንዱ የፊት ክንፍ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ሆኖ፣ በጫፉ አጠገብ ባለ ሦስት ማዕዘን ነጭ ምልክት፣ በመካከሉም ሰያፍ የሆነ ፈዛዛ ሞላላ ነጥብ ይታይበታል። በሴቷ ላይ እነዚህ ምልክቶች ደብዛዛ ናቸው። ስለዚህ ነጩን ምልክት ብቻ የሚፈልግ ሰው በብርሃን ወጥመድ የተያዙትን ሴቶች ሁሉ ከቆጠራው ያወጣል።

የተሻለው ምስክር የኋላ ክንፍ ነው። የመጤው ተምች የኋላ ክንፍ ብርማ ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩን ቀጭን ጥቁር ጠርዝ አለው። የነባሩ ተምች ግን ነጣ ባለው ክንፍ ላይ ጠቆር ያሉ ደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ። የሴቷ የሆድ ጫፍም በጥቁር ፀጉር የተሸፈነ ነው፤ እንቁላሏንም የምታለብሰው በዚሁ ነው። ሦስተኛው ዝርያ ስፖዶፕቴራ ሊቶራሊስ የሚታወቀው በፊት ክንፉ ደም ሥሮች ላይ በተዘረጉ ፈዛዛ መስመሮች ነው።

አራተኛው ሚቲምና ሎሬዪ ከሌላ ወገን ነው፤ ነገር ግን ለመጤው ተምች በተዘጋጀ የፌሮሞን ወጥመድ ውስጥ ይገባል። የፊት ክንፉ የገለባ መልክ ሲኖረው በመካከሉ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለበት። ስለዚህ ዝርያ የተማርሁት በስሕተቴ ነው። መጤው ተምች በገባባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ በወጥመድ የተያዙትን ክንፋቸውን ሳልዘረጋ ሁሉንም በመጤው ስም መዘገብሁ። ገበሬዎች በእኔ ቁጥር ተመርተው፣ ከጎደለው ኪሳቸው ኬሚካል ገዝተው ረጩ። ዘግይቼ በማጉያ ስመረምር ከግማሽ የሚበልጡት ሚቲምና ሎሬዪ ሆነው ተገኙ። የወጣውን ገንዘብ የመለሰላቸው የለም።

እጩን በተመለከተ፣ ብዙዎች በራሱ ላይ ያለውን የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል መስመር ብቻ አይተው ይፈርዳሉ። ይህ መስመር በነባሩ ተምች ላይም ይታያል። የሚለየው በስምንተኛው የሆድ ክፍል ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡት አራት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ማየት ግድ ይላል።

ወጥመድ ውስጥ ሲራገብ የቆየ የእሳት እራት የክንፉ ቅርፊት ይረግፋል፤ መልኩም አያስተማምንም። በዚህ ጊዜ የሆዱን ጫፍ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለስልሶ የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ መመርመር፣ ወይም ሲኦአይ የተባለውን ዘረ መል ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ነባሩ ተምች የሚመገበው የሣር ወገን የሆኑ ተክሎችን ነው፤ ከዝናብ በኋላ በመንጋ ይነሣል፣ በግልጽ ይበላል፣ ከማሳ ወደ ማሳ ይተማል። መጤው ግን በበቆሎው እምብርት ውስጥ ይደበቃል፤ እጩ ካደገ በኋላ የሚረጨው ኬሚካል በቀላሉ አይደርስበትም። የአንዱ መድኃኒትና ጊዜ ለሌላው አይሆንም።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ክንፉን ዘርጉ። ካላወቃችሁም በመዝገቡ ላይ “ያልተለየ” ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ከተሳሳተ ስም ይሻላል።