ፎቶግራፍ እንዴት ይዳኛል?



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ጉዳይ ከመሥሪያ ቤት ሥራ የራቀ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በዕረፍት ቀን ካሜራቸውን ወይም የእጅ ስልካቸውን ይዘው ወደ ሱሉልታ፥ ወደ ቡራዩና ወደ ሰበታ የሚወጡ መሆናቸውን ስለምናውቅ ይጠቅማል ብለን አስበናል። ጉዳዩም ይህ ነው፤ ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች በክበብ ተሰብስበው ሥራቸውን ሲያወዳድሩ፥ ዳኛው ምን አይቶ ይፈርዳል? ፍርዱንስ እንዴት አድርጎ ይናገራል?

ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለዓለም ከተገለጸ በኋላ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) አማተሮች በማኅበር ለመሰብሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የለንደኑ የፎቶግራፍ ማኅበር የተቋቋመው በ1853 ነው። በአገራችን ሙያው ለረጅም ዘመን በቤተ መንግሥትና በፎቶ ቤቶች ዙሪያ የቆየ ሲሆን፥ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው በዚህ ረገድ ስማቸው የታወቀ ነው። በ2010 ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ትርኢት በአዲስ አበባ መሠረቱ። በዚያም ወጣት አንሺዎች ሥራቸውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፥ ከአገር ውስጥና ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች ጉድለቱንና ብልጫውን ፊት ለፊት እንዲነግሩአቸው ዕድል አግኝተዋል። በእኔ አስተያየት ከሽልማቱ ይልቅ ይህ የፊት ለፊት ንግግር ይበልጣል።

የውድድር ሥርዓቱ አስቸጋሪ አይደለም። ፎቶግራፉ በጀርባው ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍበትም። ዳኞቹም ሦስት ወይም አምስት ሆነው፥ እርስ በርሳቸው ከመነጋገራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ምክንያቱም አስቀድሞ የሚናገረው ሰው፥ በተለይ ዕድሜ ወይም ማዕረግ ካለው፥ የሌሎቹን ዓይን ይዞት ይሄዳል። በአንድ መሥሪያ ቤት ክበብ ውስጥ የመምሪያ ኃላፊው የአበባ ፎቶግራፍ ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ሲወጣ አይቻለሁ። አበባዎቹ መጥፎ አልነበሩም።

ሥርዓቱ ግን የዳኛውን ችኮላ አይከለክልም። ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አነስተኛ ክበብ ውድድር ላይ በዳኝነት ተቀምጬ ነበር። ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ ከእንጦጦ ማዶ፥ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ማለዳ የተነሣ ነው። ጉም ሜዳውን ሸፍኖታል፤ በግራ በኩል አንዲት ላም ከግጦሿ ቀና ብላለች፤ በቀኙ ዳር አንድ ሯጭ ጥላ እስኪመስል ድረስ ደብዝዞ ይታያል። ሯጮቻችን በሱሉልታ ከፍታ ላይ የሚለማመዱ መሆናቸው የታወቀ ስለ ሆነ፥ እኔ የጠበቅሁት የሯጩን ፊትና ላብ ነበረ። ከአሥር ሦስት ሰጠሁት። ይህ ሳይበቃኝ አስተያየት በምንሰጥበት ጊዜ፥ «የዚህ ፎቶግራፍ ባለቤት ለሯጩ ፋኖስ ሊያሲዙት ይገባ ነበር» አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን አልሳቁም።

ስብሰባው ሲያልቅ ከእኔ ጋር የዳኙት አንድ አረጋዊ ፎቶግራፉን መልሰው በእጄ ሰጡኝና፥ «ልጄ፥ የላሚቱን ጆሮ አይተሃል?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ሯጩ ዞረዋል። እኛ ሰውዬውን በደንብ ሳናየው እርሷ ኮቴውን ሰምታለች። ፎቶግራፉ ያሳየው በጉም ውስጥ የሚመጣውን የእግር ድምፅ ኖሮአል። ነጥቤን ለማረም ጊዜው አልፎ ነበር፤ የመዝገብ ቤቱም ሰው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሥራ አላቀረቡም።

ከዚያ ወዲህ ነጥብ ከመጻፌ በፊት በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ከዳር እስከ ዳር ለራሴ በቃል እናገራለሁ፤ እዚህ ላም አለች፥ እዚያ ሰው አለ፥ ብርሃኑ ከዚህ ይመጣል፥ እያልሁ። ይህን ሳያደርጉ «ወደድሁት» ወይም «አልወደድሁትም» ማለት ማመልከቻውን ሳያነቡ ከግርጌው እንደ መፈረም ያለ ነው።

ዳኛው የመሣሪያውንም ጠባይ ማወቅ አለበት። ካሜራ በራሱ ሲለካ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ያመጣዋል። ስለዚህ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ሲነሡ፥ መሣሪያው የጋቢውን ንጣት አይቶ ብርሃኑን ይቀንስና የአባትን ጠይም ፊት ያጨልመዋል፤ ጉምም እንደዚሁ ያታልለዋል። በፊልም ዘመን ደግሞ ሌላ ችግር ነበረ። ኮዳክ ለብዙ ዓመታት የቀለም ማስተካከያ አድርጎ ወደ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው ናሙና የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ስለ ነበረ፥ የጠቆረ ፊት በሕትመት ላይ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። እንግዲህ በነጭ ነጠላ የተከበበ ጥቁር ፊት ሳይጠቁር፥ የነጠላውም ጥለት ሳይጠፋ የቀረበ እንደ ሆነ፥ አንሺው መሣሪያው ያቀረበለትን አልቀበልም ብሎ በእጁ አስተካክሎአል ማለት ነውና ለዚህ ሥራው ነጥብ ይገባዋል። በአገራችን የእኩለ ቀን ፀሐይ ከባርኔጣ በታች ያለውን ዓይን በጥላ ስለምትውጠው፥ ከጥዋቱ አንድ ሰዓት የተነሣውንና ስድስት ሰዓት ላይ የተነሣውን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል።

ውብ ነገር ያነሣ ሁሉ ውብ ፎቶግራፍ አላነሣም። በቡራዩ በኩል ካለው ከገፈርሳ የውኃ ግድብ በየዓመቱ ብዙ ፎቶግራፍ ይመጣል፤ ውኃው ጸጥ ብሎ፥ ሰማዩ ቀልቶ፥ ወፎቹ በዳር ቆመው። ተመልካቹ «እንዴት ያምራል!» ይላል፤ እውነት ነው፥ ገፈርሳ ያምራል። ዳኛው ግን ግድቡን ሳይሆን አንሺውን ነው የሚመዝን። የት ቆመ? ምን ጠበቀ? ምን ትቶ ምን አስገባ? ባለፈው ጊዜ ከሃያ ከሚበልጡ የገፈርሳ ፎቶግራፎች ውስጥ ያለ ክርክር የመረጥነው፥ የውኃውን ጥቂት ብቻ አስገብቶ በዳር የተደረደሩ ቢጫ ጄሪካኖችን ያሳየውን ነው። ለከተማ የሚጠጣ ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ መሆኑን ሌሎቹ አልነገሩንም።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን የሰበታው ነው። ሰበታ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትዋ የታወቀች ከተማ መሆኗን ታውቃላችሁ። አንድ አንሺ በከተማይቱ መንገድ ዳር ተቀምጦ በብሬል የሚያነብ ዓይነ ስውር ወጣት አንሥቶ አቀረበ። ብርሃኑ በጣቶቹ ላይ ብቻ አርፎአል፤ በሥራው ጉድለት አልተገኘበትም። ሦስታችንም ከፍተኛ ነጥብ ከሰጠን በኋላ፥ ወጣቱ መነሣቱን ያውቅ ነበር ወይ ብለን ብናስጠይቅ፥ አንሺው አለመጠየቁን አመነ። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ በ1916 በኒውዮርክ ጎዳና «ዕውር» የሚል ጽሑፍ ባንገቷ ያንጠለጠለች ሴት አንሥቶአል። ያን ጊዜ የመንገድ ሰዎችን ሳያውቁ ለማንሣት በካሜራው ጎን የሐሰት ሌንስ ይገጥም ነበር። ፎቶግራፉ በዓለም የታወቀ ሆኖአል፤ ርእሱ ግን የሴቲቱን ስም አይናገርም። እኛ ሽልማቱን ይዘን አቆየንና፥ አንሺው ወደ ሰበታ ተመልሶ ፎቶግራፉን ለወጣቱ በቃል እንዲነግረውና ፈቃዱን እንዲጠይቅ አደረግን። ወጣቱ ፈቀደ፤ ነገር ግን የትኛውን ገጽ ሳነብ ነው ያነሣኸኝ ብሎ ቢጠይቀው አንሺው መመለስ አልቻለም። ሁለተኛ ሰጠነው። አንደኛ ሊሆን ይገባ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ በውሳኔው አልጸጸትም።

ስለ እውነተኛነትም ጥቂት እንበል። የ2009 ዓመቱ የእንግሊዝ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር አንደኛ የወጣው፥ በአጥር በር ላይ የሚዘል ተኩላ ነበረ። በጥር 2010 ዳኞቹ ተኩላው የለመደ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ሰረዙ፤ አንሺው ግን ክሱን አልተቀበሉም። በ2023 ደግሞ ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ውድድር ካሸነፉ በኋላ፥ ሥዕሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው ብለው ሽልማቱን መለሱ። በዚያ የተመረጡ ዳኞች ይህን ሳይለዩ ካለፉ፥ የእኛም ክበቦች የመጀመሪያውን ፋይል ከፎቶግራፉ ጋር እንዲቀርብ ቢያዝዙ ማንንም ሊያስቀይም አይገባም።

የቀረው የአነጋገሩ ነገር ነው። ዳኛ «ጥሩ ነው» ቢል አንሺው በሚቀጥለው እሑድ ምን እንደሚደግም አያውቅም፤ «አይረባም» ቢልም ምን እንደሚተው አያውቅም። «ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ቢሄዱ ኖሮ የስልክ እንጨቱ ከልጁ ራስ ላይ አይበቅልም ነበር» ቢባል ግን ሰውዬው ይህን ይዞ ይሄዳል። ቀልድ ካለ ዳኛው በራሱ ፎቶግራፍ ላይ ይቀልድ፤ እኔ ለዚህ የሚሆን ብዙ አለኝ።

የመዝገብ ቤቱን ባልደረባ ሱሉልታ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ ስለ ፎቶግራፉ ግን ብዙ አልተናገሩም። ዘንድሮ ሁለት ሥራ አስገብተዋል። በጀርባቸው ቁጥር እንጂ ስም የለባቸውም፤ ሆኖም አነሣሣቸውን ስለማውቀው በዚያ ክፍል ዳኝነት እንዳልቀመጥ ክበቡን በጽሑፍ ለምኜአለሁ።