ሙዚቃ እንደ ተራኪ፦ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በአንድ ፊልም ውስጥ

ለብዙ ዓመታት ፊልምን ሳስተምር የማነበው እንደ ተውኔት ነበር። ቃለ ምልልሱን፣ ገፀ ባሕርያቱንና ግጭቱን ተንትኜ ሙዚቃውን «ማጀቢያ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። አንድ ተማሪዬ «የዚህ ፊልም ተራኪ ሙዚቃው ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ከርእሱ ወጥተሃል በማለት ነጥብ ቀነስሁበት። ዛሬ የተሳሳትሁት እኔ እንደ ነበርሁ አምናለሁ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ምክንያቱን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ፊልሙ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ለእይታ ያበቃው «ብሮክን ፍላወርስ» ነው። ቢል መሪ የሚጫወተው ዶን ጆንስተን የተባለ ወንደላጤ፣ ስሟን ካልገለጸች የቀድሞ ወዳጁ በሮዝ ወረቀት የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው 19 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ እንዳለው ይነግረዋል። በታሪኩ ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነው ጎረቤቱ ዊንስተን፣ ሄዶ እንዲያጣራ ይገፋፋዋል፤ ለመንገዱም የሙዚቃ ሲዲ ይሰጠዋል። በመኪናው ውስጥ የምንሰማው፣ ፊልሙ ከመሠራቱ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የተቀረጸ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው።

እንደሚታወቀው በልቦለድ ውስጥ ቃናን በአብዛኛው የምንረዳው ከተራኪው የቃላት ምርጫ ነው። በዚህ ፊልም ግን ተራኪ አይናገርም። ካሜራው የዶንን ፊት ያሳየናል፤ ፊቱ ግን ዝግ ነው። ታዲያ ስሜቱን ማን ይነግረናል?

ይህን ለመፈተን የጉዞውን ትዕይንት ድምፁን አጥፍቼ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። «ሰልችቶታል» አሉ። ድምፁን መልሼ ስከፍተው አንዷ «የሚፈራው ነገር አለ፤ ግን ይፈልገዋል» አለች። ምስሉ ያው ነበር፤ የተለወጠው ቃናው ነው።

ለውጡ ከየት መጣ? በ«የከርሞ ሰው» ውስጥ ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ወደፊት ይገፋል፤ ሳክስፎኑ ደግሞ በላዩ ላይ እየተጎተተ ይተክዛል። ምቱ ይሄዳል፣ ዜማው ወደ ኋላ ያያል። የዶንም ነገር ይኸው ነው፤ መኪናው ወደፊት ይነዳል፣ የሚፈልገው ግን ያለፈውን ነው። የሚያለቅስ ቫዮሊን ቢገባበት ኖሮ ማዘን ብቻ፣ የቀልድ ሙዚቃም ቢሆን መሳቅ ብቻ ይተርፈን ነበር።

ሁለተኛው ተግባር የአዝማች ተግባር ነው። ዶን ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ሲጓዝ የሙላቱ ሙዚቃ ይመለሳል። በግጥም ውስጥ አዝማች ቃሉ ሳይለወጥ ከየአንጓው በኋላ ትርጉሙ እንደሚከብድ ሁሉ፣ ሙዚቃውም ከየግንኙነቱ በኋላ እየከበደ ይሄዳል።

ሦስተኛው እኛን አማርኛ ሰሚዎችን ይመለከታል። በፊልሙ ውስጥ «የግሌ ትዝታ» የተሰኘው ሥራም ይሰማል። ትዝታ ለእኛ ቅኝትም፣ የዘፈን ዓይነትም፣ የናፍቆት ስምም ነው። ለባዕድ ተመልካች ሙዚቃው የማያውቀው መንገድ ድባብ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ሰሙ ጉዞ፣ ወርቁ ትዝታ ነው። ዳይሬክተሩ ይህን አስቦበታል ለማለት አልደፍርም፤ ይሁንና የአንድ ሥራ ፍች በደራሲው ሐሳብ ብቻ እንደማይወሰን የምናስተምረው እኛው ነን።

የዚያን ተማሪ ውጤት ማረም አልቻልሁም፤ መዝገቡ ተዘግቷል። የፈተናዬን ጥያቄ ግን ለውጫለሁ። አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተባለ?» ሳይሆን «ምን ሰማችሁ?» የሚል ነው።